ባሕረኛው አጎቴ ግሸን ላይ

ወዳጆቼ፣ ነገ መስከረም 21 ነው። ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ ነጭ የለበሰ ሰው የሞላበት ተራራ ፎቶ እያሳየኝ ነው። እኔም አንድ የግሸን ፎቶ አለኝ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ለጥፌው አላውቅም። አንድ ሽማግሌ ጋቢውን ተከናንቦ ገደሉ አፋፍ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጀርባው ነው የሚታየው።

ትናንት ደወልኩለት። «ጋሼ፣ የግሸኑን ነገር ልጽፈው ነው» አልኩት። ዝም አለና፣ «ስሜን ካልጠራህ ጻፈው። የሱንም ስም እንዳትጽፍ» አለኝ። «የሱን» ያለው ማንን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ናችሁ። ቀይ ባሕርን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስስል ታስታውሱ ይሆናል፤ ምጽዋ እዚህ፣ አሰብ እዚህ፣ ባብ ኤል መንደብ እዚህ። ለፈተናም አውጥቼባችኋለሁ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ፣ ጀነሬተርና የውኃ ፓምፕ በሚጠገንባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ እዚያ ባሕር ላይ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ተቀምጦ ነበር። አጎቴ ነው፣ የእናቴ ወንድም። አንድ ቀን እንኳ «ና ለልጆቹ ንገራቸው» ብዬው አላውቅም። እንዲያውም በልጅነታችን «ባሕር የሌለው ባሕረኛ» እያልን ስንስቅበት ነው ያደግነው። ይሰማ ነበር። አንድም ቀን ተቆጥቶን አያውቅም።

በ2010 ክረምት መግቢያ ላይ ባሕር ኃይል እንደገና ሊቋቋም ነው የሚል ዜና ተሰማ። እኛ ደስ ይለዋል ብለን ቤቱ ሄድን። ሬዲዮኑን ዘጋውና፣ «መስከረም ላይ ግሸን እወጣለሁ» አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ጉልበቱ ያመዋል፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሚስቱ እትዬ ለመነችው፣ እኔም ተከራከርኩ። ቶሎ የተስማማው ሹፌሩ ጓደኛዬ ብቻ ነው። እሱ ሙስሊም ነው፤ ግን የወሎ ነገር ታውቁት የለ፣ ከሁላችንም ቀድሞ ጎማ ያስቀየረው እሱ ነበር። «አብሽር ጋሼ፣ እኔ አወጣሃለሁ» አለው።

መስከረም 20 ቀን 2011፣ እሑድ ጠዋት፣ ሰባት ሆነን በሚኒባስ ከደሴ ተነሣን። አጎቴ፣ እትዬ፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው ልጃቸው፣ እኔ፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼና ሹፌሩ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ሐይቅ ከተማ ላይ ቆምን፣ ቆሮሶ ጥብስ በላን። ባልደረቦቼ በጀልባ ትንሽ እንሂድ አሉ። ሹፌሩም «ጋሼ፣ ና እንጂ፣ ካፒቴናችን አንተ ነህ» አለው። አጎቴ ውኃው ዳር ጎንበስ ብሎ ጣቱን ነከረና ላሰው። «ጨው የለውም» ብሎ ወደ መኪናው ተመለሰ። ሳቅን። አሁን ሳስበው ያቺ ሳቅ ባትኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ከደሴ–ወልዲያው አስፋልት ወደ ግራ ታጥፈን በፒስታው መንገድ፣ በአቧራና በመኪና ሰልፍ መሀል፣ ከሰዓት በኋላ ከአምባው ሥር ደረስን። እትዬ ጉልበቷ ስለማይችል ከአንደኛው ባልደረባዬ ጋር ታች ቀረች። ዳገቱን የወጣችሁት ታውቁታላችሁ፤ ላልወጣችሁት፣ ከፊትህ ያለው ሰው ተረከዝ ብቻ ነው የሚታይህ። በቅሎ ተከራይቼ ነበር። አጎቴ በቅሎዋን አንገቷን ዳበስ አድርጎ አለፋት። «የተሳልኩት በእግሬ ነው።»

የምን ስለት? ልጁም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም።

እኔ በበኩሌ የመምህርነት አባዜ ይዞኝ ማብራራት ጀመርኩ። አምባው የመስቀል ቅርጽ እንዳለው፣ ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እዚህ ገባ እንደሚባል፣ ነገሥታቱ ዙፋን ይሻሙናል ያሏቸውን ወንድሞቻቸውን እዚህ ያስቀምጡ እንደነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1540 የኢማም አሕመድ ሠራዊት አምባውን እንደያዘው… ማንም አልሰማኝም። እኔም ትንፋሽ አልቆብኝ ተውኩት። አጎቴ በየመታጠፊያው እየተቀመጠ ነበር የሚወጣው። አንድ ቦታ ላይ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ላቡ ቀዘቀዘ። ሹፌሩ ከኋላ ደግፎታል፣ ልጁ ክንዱን ይዛለች። ከላይ ሆኜ «እንዴት ነው?» ብዬ ጮህኩ። «ይተነፍሳል!» አለች፤ ልታረጋጋኝ ቀልዷን ነው። አጎቴ ቀና ብሎ አያት። ሳይናገር ተነሣና መውጣቱን ቀጠለ።

አምባው ላይ ስንደርስ ጨልሟል። ከቅጥሩ ውጪ ላስቲክ አንጥፈን ተጠጋግተን ተኛን። የግሸን ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል። ከውስጥ ማኅሌቱ ይሰማል፣ በዙሪያችን ሰው ያስላል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ። አንዲት እናት አጠገባችን ልጇን እያባበለች ነበር። እሷን ሲያይ ይመስለኛል አጎቴ የጀመረው።

ምጽዋ በየካቲት 1982 ከተያዘች በኋላ የተረፈው ባሕር ኃይል በዳህላክና በአሰብ ተወስኖ ነበር። በግንቦት 1983 ሁሉ ነገር ሲያበቃ መርከቦቹ ከአሰብ ወደ የመን ተሻገሩ። የመርከበኛው ሚስትና ልጅ፣ ጎረቤት፣ ያገኘ ሁሉ ተሳፈረ። አጎቴ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ከታች ነው የሚውለው፣ ከታች ነው የሚያድረው። እትዬና የሦስት ዓመቷ ልጁ ከላይ፣ መርከቡ ወለል ላይ ነበሩ። ልጅቷ ትኩሳት ይዟት ነበር። ሞተሩን ትቶ መውጣት አይችልም። የወጥ ቤት ረዳት የሆነ አንድ ልጅ በየሰዓቱ በመሰላሉ እየወረደ፣ በዚያ ጩኸት መሀል ጆሮው ላይ «ትተነፍሳለች» ይለው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሰማው ወሬ ይኸው ብቻ ነው። የግሸኗን እመቤት የተሳላት ያኔ ነው፤ ይቺን ልጅ መሬት ካስረገጥሽልኝ በእግሬ ወጥቼ ጧፍ አበራለሁ ብሎ።

ልጁ አባቷን ታየዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ይህን ሰምታ አታውቅም።

«ታዲያ ሃያ ሰባት ዓመት ለምን ቆየህ?» አልኩት። የመምህር ጥያቄ።

ብዙ ቆይቶ መለሰ። አብሮት የሚሠራ ጓደኛ ነበረው፤ በአንድ ሳህን የሚበሉ። ያን ቀን ቤተሰቡን ሊያመጣ ወደ ከተማ ወጥቶ ነበር። «እስክመለስ ጠብቁኝ በልልኝ» ብሎታል። ከላይ ደወሉ ተደወለ፤ ወደፊት ማለት ነው። «ትእዛዝ ነው። ግን ሞተሩን ያንቀሳቀሰው ይኸ እጅ ነው» አለና እጁን ከጋቢው አውጥቶ አሳየን። «ወደ ላይ ጮኬ ሰው ቀርቷል ማለት እችል ነበር። የኔዋ ልጅ ከላይ እያቃሰተች ነው። አልጮህኩም።»

«ከዚያስ?»

«አላውቅም። የመን ላይ ጠየቅሁ፣ ስመለስ ጠየቅሁ። እሱ ሳይገኝ የኔን ስለት ብቻ ልክፈል? አፈርኩ።»

ሹፌሩ ጓደኛዬ ኮቱን አውልቆ ጭኑ ላይ ጣለለት። ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም።

ሊነጋጋ ሲል ሁለት እሽግ ጧፍ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ፤ እኔና ልጁ ተከተልነው። አንድ አዛውንት ካህን አገኘ። አንዱን እሽግ ስለ ልጁ ሰጠ። ሁለተኛውን ሲሰጥ የጓደኛውን የክርስትና ስም ነገራቸው። ካህኑ «በሕይወት አለ ወይስ አርፏል?» ብለው ጠየቁት፤ ጸሎቱ ይለያያላ። አጎቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። «እኔ እንጃ አባ። ወደብ ላይ ነው የተለየሁት።» ካህኑ እጁን ይዘው ትንሽ ቆዩ። «እንግዲያው ስሙን ብቻ እናነሣዋለን» አሉት።

ፎቶውን ያነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከአምባው በታች ያለው ሸለቆ ሁሉ በጉም ተሞልቷል፤ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፣ ሌሎቹ ተራሮች እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብለዋል። ልጁ አጠገቡ ሄዳ፣ «አባዬ፣ ባሕር ይመስላል አይደል?» አለችው። «ባሕሩን ያን ሌሊት አላየሁትም እኮ፣ ከታች ነበርኩ» አላት። ከዚያ ወደ ጎን ተጠጋላት፤ እሷም ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

አሁን ወደ ለምን እንደጻፍኩት ልምጣ። ከናንተ መካከል አባታችሁ ወይም አጎታችሁ በባሕር ኃይል፣ በሞተር ክፍል ያገለገለ፣ በግንቦት 1983 አሰብ ላይ ከመርከብ የቀረ፣ ሚስትና ሁለት ወንዶች ልጆች የነበሩት ካለ፣ ወይም እንዲህ ያለ ሰው የምታውቁ ከሆነ፣ ኢንቦክስ ጻፉልኝ። ስሙን እዚያ እነግራችኋለሁ። መልሱ የትኛውም ቢሆን መስማት ይፈልጋል፤ ትናንት ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ደግሞ ጠየቅሁት፣ «የትኛውም» አለኝ። ቴሌግራም ላይ የቀድሞ ባሕረኞች ቡድን ያላችሁም አጋሩልኝ።