የአባታችን ራዲዮግራምና የወንድማችን ሣጥኖች

በቤታችን ሁለት ዓይነት እስፒከር አለ። እስፒከር ማለት የራዲዮውን ወይም የቴፑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ነው። አንዱ የአባታችን ነው፤ ሌላው የታላቅ ወንድማችን። ያረጀው የአባታችን ነው። የማይበላሸውም እሱ ነው። ለምን እንደሆነ ብዙ ዘመን አናውቅም ነበር። ባለማወቃችንም አንድ ደህና ዕቃ ጥለናል።

አባታችን ራዲዮግራሙን የገዙት በ1961 ዓ.ም. ነው። ራዲዮግራም ራዲዮና የሸክላ ማጫወቻ ባንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ያሉበት ዕቃ ነው። አራት እግር አለው። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጣ። ያን ጊዜ የከተማችን መብራት በሞተር ስለነበረ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ብቻ ነበር የሚበራው። መብራት ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል። ዜና ይሰማል፤ ከዚያ የጥላሁን ገሠሠ ሸክላ ይደረጋል። ቦታ ያጣ ሰው ደጅ ቆሞ ያዳምጣል።

በ1975 ዓ.ም. ወንድማችን ቴፕ ገዛ። ሁለት ትልልቅ የእስፒከር ሣጥኖች ነበሩት። ማብረቅረቃቸው! ራዲዮግራሙ ጥግ ያዘ፤ ዳንቴል ለበሰ፤ የፎቶግራፍ ማስቀመጫ ሆነ። አባታችን ቅር ሳይላቸው አልቀረም፤ አልተናገሩም እንጂ።

በ1979 ዓ.ም. እኅታችን ስትዳር አባታችን ሲመርቁ ድምፃቸውን በካሴት ቀዳን። በ1984 ዓ.ም. አረፉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ባረፉበት ቀን ካሴቱን እንሰማለን። እናታችን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ።

በ1993 ዓ.ም. ከሣጥኖቹ አንዱ ማጉረምረም ጀመረ። "ተቃጥሏል" አልንና እስፒከሩን ነቅለን ጣልነው። ልጆች ማግኔቱን ፈልቅቀው ወሰዱ። በባዶው ሣጥን ውስጥ ዶሮ ታቀፈችበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። የአባታችን ድምፅ ሻከረ፤ ቃሉ አይለይም። እናታችን "ካሴቱ ተበላሸ፤ ሁለተኛ ሞቱብኝ" ብለው አለቀሱ። እኛም ጥፋቱ የካሴቱ መሰለን።

ራዲዮ ጠጋኙን ቤት ጠራናቸው። አዛውንት ናቸው። ካሴቱን ዘወር ብለውም አላዩት። መጀመሪያ ራዲዮግራሙ ከመብራት መነቀሉን አረጋገጡ። እንዲህ ያለ የቫልቭ ራዲዮ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ሊነዝር ይችላልና እኛን ወደዚያ በሉ አሉን። ከዚያ የእስፒከሩን ሁለት ሽቦ ፈትተው ከወንድማችን ቴፕ ጋር አገናኙት። ካሴቱን አስገቡ። አባታችን መረቁ። "ውለዱ፣ ክበዱ" ሲሉ ጥርት ብሎ ተሰማ። ሳላቸው ሳይቀር ተሰማ። ለካ ካሴቱ ምንም አልሆነም።

እስፒከር እንዲህ ነው የሚሠራው። ከኋላው ማግኔት አለ። በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ገብቷል። ሽቦው እንደ ጥሩምባ አፍ ከተከፈተ ወረቀት ጋር ተጣብቋል። ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ማግኔቱ አንዴ ይስበዋል፣ አንዴ ይገፋዋል። ወረቀቱም አብሮ ወደፊት ወደኋላ እያለ አየሩን ይገፋል። የከበሮ ቆዳ ሲመታ እንደሚንቀጠቀጠው ማለት ነው። ቸስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህን ዓይነት እስፒከር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1925 ካሳዩ ወዲህ ዋናው አሠራር አልተለወጠም።

እንግዲህ ወረቀቱ እንዲንቀሳቀስ ጠርዙ መተጣጠፍ አለበት። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአባታችን እስፒከር ጠርዙ ያው ወረቀቱ ነው፤ እንደ ቀሚስ ተሸንሽኖ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። በወንድማችን ግን ጠርዙ የስፖንጅ ቀለበት ነው፤ ስፋቱ ሁለት ጣት አይሞላም። ስፖንጅ ልል ስለሆነ ወረቀቱ ሰፋ አድርጎ እንዲንቀሳቀስ ይለቀዋል፤ ወፍራሙ ድምፅም ደህና ይወጣል። ሠሪዎቹ የመረጡት ሞኝ ሆነው አይደለም። ዳሩ ግን ስፖንጁን አየርና እርጥበት ይበላዋል። ዐሥር፣ ሃያ ዓመት ሲሆነው፣ ሳይጫወት ቢቀመጥ እንኳ፣ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። የወረቀቱ ጠላት አይጥና እርጥበት ነው፤ ከነዚህ ከተጠበቀ ብዙ ይቆያል።

ጠጋኙ የወንድማችንን እስፒከር ጠርዝ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ጥቁር ዱቄት ሆኖ ረገፈ። ማግኔቱ ደህና፣ ሽቦው ደህና፣ ወረቀቱ ደህና።

"ልጆቼ፣ ያለቀው ይህ ቀለበት ብቻ ነው። የፊተኛውንስ የት አደረጋችሁት?" አሉን።

ዶሮዋን አየናት።

አዲስ ቀለበት ከአዲስ አበባ አስመጡ። አሮጌውን ስፖንጅ ፍቀው አጸዱ፤ አዲሱን በማጣበቂያ አጣበቁ። አስቸጋሪው ሽቦውን መሀል ለመሀል ማቆም ነበር። ከማግኔቱ ጋር ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው፤ ከነካ ይፋጫል። ወረቀቱን በጣታቸው ቀስ ብለው እየገፉ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ሲደርቅ አደረ። በማግሥቱ ሣጥኑ እንደ ድሮው ዘፈነ።

በኋላ ስለዚህ ነገር ስናነብ ሌላም አገኘን። በአሜሪካ፣ አርካንሳስ ውስጥ፣ ሆፕ በምትባል ትንሽ ከተማ ፖል ክሊፕሽ የሚባል መሐንዲስ በፈረንጆች 1946 መሥራት የጀመረው እስፒከር አለ። ክሊፕሽሆርን ይባላል። በቤት ጥግ ነው የሚቆመው፤ የቤቱ ሁለት ግድግዳዎች የጥሩምባው አፍ መቀጠያ ይሆኑለታል። እየተሻሻለ እስከ ዘመናችን ሲሠራ ቆይቷል። እኛ ቤት ግን ጥግ አይገኝለትም፤ አንዱን ጥግ ጎተራ፣ ሌላውን ራዲዮግራሙ ይዞታል።

የራዲዮግራሙ ሁሉም ነገር በርክቷል አንልም። ቫልቩ ተቀይሯል፤ ኮንደንሰሩ ተቀይሯል፤ የሸክላው መርፌማ ስንቴ! እስፒከሩን ግን ማንም አልነካውም። የወንድማችን ሣጥን አዲሱ ቀለበትም በ2012 ዓ.ም. ረገፈና እንደገና አስቀየርን።

ሣጥኑ የተጠገነ ዕለት እናታችን አንድ ነገር ለመኑ። የአባታችሁ ካሴት በራሳቸው ዕቃ ይሰማልኝ አሉ። ጠጋኙም ከራዲዮግራሙ ጀርባ ሁለት ሽቦ አውጥተው፣ ጫፋቸውን ጠቅልለው ተዉልን። ቀኑ ሲደርስ ዳንቴሉን እናነሣና ከቴፑ ጋር እናገናኛቸዋለን።