ግማሹ ውስጥ የቀረ ብሎን

የአባዬ ቮልስ የ1970 ሞዴል ናት (በፈረንጆቹ)። ጎማዋ እንደ ቶዮታ በዳዶ አይታሰርም፤ አራት ብሎኖች ቸርኬውን አልፈው በቀጥታ የፍሬን ታምቡሩ ውስጥ ይጠመዘዛሉ። ስለዚህ ብሎን ሲሰበር ግማሹ ታምቡሩ ውስጥ ይቀራል። ባለፈው ክረምት የፊት ግራው ጎማ ላይ የሆነው ይኸው ነው። አንድ ጎሚስታ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ ያጠበቀው ብሎን፣ ዝገት ተጨምሮበት፣ ልንፈታው ስንል አንገቱ ላይ ቀጭ አለ።

«በሦስቱም ትሄዳለች» አለኝ አባዬ። ሜዳ ላይ ቢሆን እስቅ ነበር። ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ እሱ ደግሞ በየሳምንቱ እንጦጦ ማርያም ይወጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ቦታ ቁልቁል ሲመለስ ያለው አጋር ሰርቮ የሌለው፣ በእግር ጉልበት የሚረገጥ ፍሬን ነው።

ዩቲዩብ ላይ ያለው ሰው ሁሉ «መጀመሪያ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ንፉበት» ይላል። የሰፈራችን መካኒክ ጋሼ ግን ታምቡሩ ሳይወልቅ ጠብታ አያስነኩም። የብሎኑ ቀዳዳ በስቶ ያልፋላ! ከጀርባው የፍሬን ሸራ አለ፤ ዘይት የነካው ሸራ ደግሞ አይዝም።

ታምቡሩን ማውለቅም የራሱ ጣጣ አለው። የግራው ጎማ መሃል ዳዶ ፊሌቶው ተገላቢጦሽ ስለሆነ ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚፈታው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድም በዚያው መሃል ያልፋል። (ይህን የነደፈውን ኢንጂነር ባገኘው ብዙ የምጠይቀው ነበረኝ።)

ቁራጩ ከታምቡሩ ፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ ቀርቷል። ጋሼ ዳዶ አስቀመጡበትና በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ በየዱት። ጭንቅላቱ ሲቆረጥ ውጥረቱ አብሮ ስለለቀቀ፣ የቀረውን የያዘው ዝገት ብቻ ነው፤ ብሎኑ በብየዳው ሙቀት ሲሰፋና ሲቀዘቅዝ ሲኮማተር ዝገቱ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ብየዳ ተላቀቀ። ሦስተኛ ዕድል ቢያስፈልግ የቀረን ትራፓኖ ነበር፤ ትራፓኖ ከመሃል ከሳተ የታምቡሩ ፊሌቶ ይበላል። ኮድ ቢሆን ወደ ትናንቱ እመልሰው ነበር። ይሄ ግን ምርቷ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ላበቃ መኪና ሌላ ታምቡር ማደን ነው።

ሁለተኛው ያዘ። ሩብ ዙር ወዲያ፣ ሩብ ዙር ወዲህ፣ ቀይ ዱቄት እያራገፈ ወጣ።

አራቱንም ብሎን ቀየርን። መጀመሪያ በእጅ አስገብተን፣ ከዚያ በመስቀለኛ፣ በመለኪያ ቁልፍ 150 ኒውተን ሜትር። ቱቦ የሚባል ነገር አላስጠጋሁም።

ቅዳሜ አብሬው ወጣሁ። ሲመለስ በሁለተኛ ማርሽ ነበር የሚወርደው። እንጦጦ ፓርክ በር ላይ አስቁሜው ብሎኖቹን አንድ በአንድ ስነካካ፣ በመስኮት ብቅ ብሎ «ጨረሱ ጋሼ?» አለኝ።