የመንገደኛ ደጅ ጥናት

ወደ ባዕድ አገር የሚሄድ ሰው ስንቁን ከማሰናዳቱ አስቀድሞ ፓስፖርቱንና ቪዛውን መመርመር ይገባዋል። አውሮፕላን ቢያመልጥ ሌላ ይተካል፤ ወረቀት ሲጐድል ግን የሚባክነው ዕድሜ ነው።

ለዚህም ምስክር የሚሆነው መህራን ከሪሚ ናሴሪ የተባለ የኢራን ተወላጅ ነው። ይህ ሰው ወደ ሎንዶን ሊሄድ ተነሥቶ፥ ወረቀት ስላልነበረው እንግሊዞች ቢመልሱት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ዓመት በፓሪስ አውሮፕላን ጣቢያ ቀረ። በ1992 የፈረንሳይ ፍርድ ቤት ከጣቢያው እንዳይባረር ፈረደለት፤ ወደ አገሩ ይግባ ብሎ ለማዘዝ ግን ሥልጣን አልነበረውም። በ1999 የናፈቀው ወረቀት መጣ፤ እርሱ ግን ስሜና ዜግነቴ እንደ ፈቃዴ አልተጻፈም ሲል አልፈርምም አለ። በ2006 ታሞ ወደ ሐኪም ቤት እስኪወሰድ ድረስ በጣቢያው ኖረ፤ በኋላም ተመልሶ በ2022 በዚያው ዐረፈ።

እንግዲህ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ደጅ ጥናት ሲረዝም ደጁ ቤት ይሆናል፤ በሩ ቢከፈትም የሚገባ ልብ አይገኝም። ማኅተም በእጁ ያለ ሹም «ነገ ተመለስ» ሲል ለእርሱ አንዲት ቃል ናት፤ ለእንግዳው ግን ከዕድሜው የምትቈረጥ ቀን ናት።