የተሰጠችው ወታደር

ተማሪዎች፣ ንፋስ መውጫን አይታችኋት የማታውቁ ብትሆኑ ጠባይዋን ስሟ ይነግራችኋል። ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የተቀመጠች የላይ ጋይንት ከተማ ናት። በመምህርነት ተመድቤ በኖርኩባት ዘመን ማታ ማታ ብርዱ ከቤት ስለማያስወጣ፣ እኔና አንድ የሒሳብ መምህር ባልደረባዬ ከሰል ዳር ተቀምጠን ቼዝ እንጫወት ነበር። እንጫወት ነበር ከምል ይልቅ፣ እርሱ ያሸንፈኝ ነበር ብል ለእውነቱ ይቀርባል።

አንድ ክረምት አንድ አሮጌ የቼዝ መጽሐፍ እጄ ገባ። በውስጡም «የንጉሥ ጋምቢት» የሚባል አከፋፈት አገኘሁ። ጋምቢት የሚለው ቃል እግር ጠልፎ መጣል የሚል ትርጉም ካለው የኢጣሊያንኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ሩይ ሎፔዝ የተባለ እስፓኛዊ ቄስ በ1561 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለቼዝ ተጠቅሞበታል። አካሄዱም እንዲህ ነው። ነጭ በንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ያራምዳል፤ ጥቁርም እንዲሁ ያደርጋል። ከዚያ ነጭ በስተቀኝ ቀጥሎ ያለውን ወታደር ሁለት ቤት አራምዶ በነፃ ያቀርባል። ጥቁር ሲበላው የገበታው መካከል ለነጭ ይለቀቃል። ነጭ ግን ወዲያውኑ ፈረሱን ወደ ንጉሡ ጎን ካላወጣ፣ የጥቁር ንግሥት ከዳር ብቅ ብላ የተጋለጠውን ንጉሥ ታስጨንቀዋለች።

መጽሐፉን ከሣጥኔ ሥር ደብቄ ሦስት ሳምንት ለብቻዬ አጠናሁ። በተቀጠረው ማታ ነጩ ደረሰኝና ወታደሬን ሰጠሁ። ባልደረባዬ ፈገግ ብሎ በላ። ብዙም ሳይቆይ ፈገግታው ጠፋ፤ አሸነፍኩት። «ይህን ከየት አመጣኸው?» ቢለኝ «ከራሴ» አልኩት። በማግሥቱም ለተማሪዎቼ ሳይቀር አወራሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ያከራዩኝ አዛውንት ይህን ሲሰሙ ብዙም አልተደነቁም። ስለ ቀድሞው ሰንጠረዥ ከአባታቸው የሰሙትን አጫወቱኝ። በአገራችን ሰንጠረዥ ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር ተሰምሮ ይጫወቱት ነበር፤ መጀመሪያውም «ወረራ» ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም፤ አንደኛው የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰሜን ኢትዮጵያ የተቀመጠው እንግሊዛዊ ዋልተር ፕላውደን ስለዚሁ ጨዋታ ጽፏል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ታሪኩን በጥናት አውጥተዋል። አዛውንቱ ግን «በወረራ ጊዜ ጎበዙ የገዛ እጁን አያይም፤ የባላጋራውን እጅ ነው የሚያይ። አንተ መምህሩን አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር።

በሳምንቱ፣ በወሬዬ የተሳቡ ጥቂት ተማሪዎች ቆመው እያዩን ዳግመኛ ተቀመጥን። ወታደሬን አቀረብኩ። ባልደረባዬ አልበላትም። በንግሥቱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት አራምዶ እርሱም በተራው ሰጠኝ። ቸኩዬ በላሁ። እርሱም የንጉሡን ወታደር አንድ ቤት ወደፊት ገፋና ፈረሴ ሊወጣበት የነበረውን ቦታ ዘጋብኝ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ መንደፋደፍ ነበር፤ ተማሪዎቹ ዝም ብለው ያዩ ነበር፣ እኔም ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ሰባት ሌሊት ብቻውን ገበታውን ዘርግቶ መልሱን እንደፈለገ ነገረኝ። ምንም አልመለስኩለትም። ሣጥኔን ከፍቼ መጽሐፉን አወጣሁና ሰጠሁት። ጥቂት ካነበበ በኋላ አንድ ቅጠል ገልጦ ወደ እኔ አዞረው። እርሱ በሰባት ሌሊት ያገኘው መልስ፣ ፋልክቤር በተባለ ኦስትሪያዊ ስም ተጠርቶ፣ እኔ ካጠናሁት ገጽ ቀጥሎ ታትሞ ኖሯል።