አሞራ ገደልና አዲሱ የገንዘብ መልእክተኛ

አዲስ ጥበብ ወደ አንድ አገር ሲገባ በመጀመሪያ የሚታየው በትልልቅ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሥር መስደዱ ግን የሚታወቀው በገበያ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያን የስልክና የኮምፒዩተር ሥራ እድገት ለመመልከት የሚሻ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐዋሳ ይውረድ፤ በማለዳም ተነሥቶ ወደ አሞራ ገደል ይሂድ።

አሞራ ገደል በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚገኝ የዓሣ ገበያና የመናፈሻ ስፍራ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ በ1,680 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተኛ ሲሆን ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ዓሣ አጥማጆች ሌሊቱን የጣሉትን መረብ ሰብስበው ፀሐይ ሳትበረታ በእንጨት ጀልባቸው ወደ ዳር ይመለሳሉ። የሚይዙት አብዛኛው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛና ቢልጫም ይገኛል። ወጣቶች በሚያስደንቅ ፍጥነት ቆዳውን ገፈው፥ አጥንቱን ለይተው ለገዢ ያቀርባሉ። ጥሬውን በዳጣ የሚበላ አለ፤ ጥብሱንና ሾርባውን የሚመርጥም አለ። አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ አሞራ ራሰ በራውን በትከሻው መካከል ቀብሮ፥ እንደ ሸንጎ ሽማግሌ ረጋ ብሎ ቆሞ፥ የሚጣለውን አንጀት ይጠብቃል። ከዛፉም ላይ ጉሬዛና ጦጣ ይህን ሁሉ ይመለከታሉ።

ይህ ሁሉ የቈየ ነው። አዲሱ ነገር የሚታየው ዋጋው ከተቈረጠ በኋላ ነው። ገዢው ኪሱን መዳበሱን ትቶ ስልኩን ያወጣና የሻጩን ቍጥር ይጽፋል፤ የሻጩም ስልክ ድምፅ ሲያሰማ ሻጩ መልእክቱን አንብቦ ዓሣውን ያስረክባል። በእጅ የሚከፍል ሰው ዛሬም ብዙ ነው፤ ሆኖም በርጥብ እጅ የሚበላሽ ብርና የሚጠፋ መልስ ለዓሣ ነጋዴ የዘወትር ጣጣ ስለ ሆኑ አዲሱ ልማድ ወዳጅ አላጣም። ጴጥሮስ ከዓሣ አፍ ገንዘብ እንደሚያገኝ መነገሩ በማቴዎስ ወንጌል ተጽፏል፤ የሐዋሳ አጥማጅ ደግሞ የዓሣውን ገንዘብ ከስልክ ያገኛል።

ቃልን በሽቦ መላክ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስልክን ወደ ኢትዮጵያ አስገብተው ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ አስዘረጉ። በዚያን ጊዜ ድምፁን የሰሙ አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ፈሩ ይተረካል። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት፥ በ1991 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ስልክ ገባ። በኅዳር 2003 ዓ.ም. የተቋቋመው ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ጀመረ፤ በአንድ ዓመት ያህል ጊዜም ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተመዘገበበት። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራውን በይፋ ስለ ጀመረ፥ ለብዙ ዘመን በመንግሥት እጅ ብቻ የነበረው አገልግሎት ተወዳዳሪ አገኘ። በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ከ80 ሚሊዮን፥ የቴሌብር ተጠቃሚዎችም ከ50 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ተነገረ። ኮከብ 127 መሰላል ብሎ የሚደውል ሰው ውድ ስልክ ባይኖረውም በተራ ስልክ ገንዘብ ሊልክ ስለሚችል፥ ጥበቡ ከባለጸጋ ቤት አልፎ እስከ ሐይቁ ዳር ደረሰ።

ነገር ግን በመሣሪያ መጠቀምና መሣሪያን መሥራት ልዩነት አላቸው። ቴሌብር የሚሠራበትን ሥርዓት ያቀረበው የቻይናው ሁዋዌ ነው። በራሳችን ሰዎች ድካም የተገኘም አለ። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጠላት ወረራ በፊት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ደከሙ፤ ፊደላችንም በፈረንጆች 1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒዩተር ጽሕፈት ሥርዓት ውስጥ ስለ ገባ፥ ዛሬ አንድ ሰው ከሐዋሳ በግዕዝ ፊደል የጻፈውን ሌላው በባሕር ማዶ ሳይበላሽ ያነባል። በፈረንጆች 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ ሶፍያ በተባለችው ሮቦት ሥራ ተካፋይ ሆኗል። መንግሥትም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮምፒዩተር ጥበብ ለማስተማር መርሐ ግብር ከፍቷል።

በአሞራ ገደል ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ አንዲት እናት ግን ከዚህ ሁሉ ቍጥር ይልቅ አሳሰቡኝ። ፊደል አልቈጠሩም፤ የሚስጥር ቍጥራቸውን የሚያውቀውና የሚነካው የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ነው። «ገንዘቤ መግባቱን የማውቀው ልጄ ገባ ሲለኝ ነው፤ እርሱ ትምህርት ቤት ሲውል በእጅ የሚከፍለኝን ብቻ አስተናግዳለሁ» አሉኝ። ልጁ ታማኝ ነው፤ እናቱም ይመኩበታል። ይሁን እንጂ በየገበያው የሐሰት መልእክት አሳይቶ ዕቃ ይዞ የሚሄድ አታላይ እንዳለ የታወቀ ነው፤ ማንበብ የማይችል ሻጭ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ሰው ቀላል ምርኮ ነው።

በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ለኖረ ሰው ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። በቀድሞ ዘመን ውል የሚጸናው በምስክር ፊት ነበር፤ መጻፍ የማይችለውም ሰው ጽሑፉ ተነቦለት ጣቱን ያትም ነበር። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205/2012 ደግሞ አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ የመጣ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ ደነገገ። ይህ መልካም ነው፤ ለዓሣ ሻጩም ደረሰኝ ሆኖለታል። ሆኖም ቍጥሩን የነካው የልጅ ጣት ቢሆንም መዝገቡ የሚያሳየው የእናቲቱን ስም ነው። በመካከላቸው ክርክር ቢነሣ ሳያነቡ የተስማሙበትን ነገር የሚመሰክር ሰው ከየት ይገኛል?

ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎች፥ በቤታችን ካሉት እናቶችና አገልጋዮች መካከል ስልክ ይዘው ማንበብ የማይችሉ ቢኖሩ በሳምንት ሁለት ምሽት ቍጥርንና ፊደልን እናስተምራቸው፤ በመጀመሪያም የገባውንና የወጣውን ገንዘብ ለይተው እንዲያውቁ፥ ቀሪ ሒሳባቸውን ራሳቸው እንዲጠይቁ፥ የሚስጥር ቍጥራቸውን ለብቻቸው እንዲይዙ እንርዳቸው። መልእክትንም ፈጥነው እንዳያጠፉ እንምከራቸው፤ ደረሰኝ ነውና። በሥልጣን ላይ ያላችሁም ስለ ጥበቡ እድገት በምትመክሩበት ጊዜ የተመዘገበውን ሕዝብ ብዛት ከመቍጠር ጋር፥ በገዛ እጁ የሚጠቀመው ስንት እንደ ሆነ ጠይቁ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከሐይቁ ሩቅ አይደለም፤ ተማሪዎቹ በዕረፍት ቀናቸው ወደ ገበያው ወርደው አንድ አንድ ሰዓት ቢያስተምሩ፥ እነዚያ እናት ልጃቸው ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ድረስ ገዢ አይመልሱም ነበር።