የአሻንጉሊት ቤት ክዳን

ትልቅ ሰው ተቀምጦ የልጅ መጫወቻ ሲሠራ ያየ መንገደኛ ፈገግ ብሎ ማለፉ የተለመደ ነው። መጫወቻ የልጅ፣ ሥራ የአዋቂ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ፈገግታው አይገርምም። ነገር ግን በአሻንጉሊት ቤት ያልተሳቀበት አገርም አለ። በእንግሊዝ አገር ከ1921 እስከ 1924 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ሜሪ አንድ የአሻንጉሊት ቤት ተሠርቶላት ነበር። ንድፉን ያወጣው ኤድዊን ለችንስ የተባለው ስመ ጥር የሕንፃ ነዳፊ ነው። የቤቱ ልክ ከእውነተኛው ቤት ዐሥራ ሁለት ጊዜ ያነሰ ሲሆን፣ በቧንቧው ውኃ ይወርዳል፤ መብራቱም በኤሌክትሪክ ይበራል፤ በመጻሕፍት ቤቱ የታወቁ ደራሲዎች የጻፉአቸው ትንንሽ መጻሕፍት ተደርድረዋል። ከሺህ የሚበልጡ ሠዓሊዎችና የእጅ ጥበብ ሠራተኞች ተካፈሉበት፤ ዛሬም በዊንዘር ቤተ መንግሥት ይታያል። ያን ቤት የሠራ አናጢ ከባለ ርስቱ ጋር አብሮ ቡና መጠጣት ይገባዋል ወይስ አይገባውም ብሎ የጠየቀ ሰው መኖሩን አልሰማሁም።

እኔ የማወራላችሁ ቤት የንግሥት አይደለም። በጂንካ ከተማ፣ ዘጠኝ ዓመት ለሆናት ለእኅቴ ልጅ የሠራነው ነው። ግድግዳው ከዕቃ ሳጥን ሰሌዳ የተገጠመ፣ ጣራው በሁለት ወገን የሚያዘቀዝቅ፣ እያንዳንዱም ወገን 48 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 30 ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ያለው ነው። ግድግዳው በሁለት ቀን አለቀ፤ ስለ እርሱ የምናገረው የለኝም። ወር ሙሉ የፈጀው ክዳኑ ነው።

መጀመሪያ ያሰብነው ሣር ነበር። በኣሪ መንደሮች ያለው ጐጆ በሣር ይከደናልና የልጅቱ ምኞት ይኸው ነበር። ነገር ግን ሣር ከቤቱ ጋር አብሮ አያንስም። በእውነተኛው ጐጆ ላይ ቀጭን የሚባለው ሰንበሌጥ በዚህ ቤት ላይ ሲቀመጥ ግንድ ይመስላል። ቀጥሎ «እንግዲያውስ ቆርቆሮ እናድርግለት» አለች፤ በጂንካ ዛሬ ቆርቆሮ ጣራ በየአቅጣጫው ይታያልና። የተቆረጠ ቆርቆሮ የልጅ እጅ እንደሚበላ ስለማውቅ እርሱንም ተውነው። በመጨረሻ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚሠራበት የእንጨት ክዳን ትዝ አለኝ። በዚያ አገር ከጥድ ወገን የሆነ እንጨት በስሱ ይፈለጥና እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተደራረበ ከጣራው ላይ ይመታል። አንዱ ፍልጥ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ለእኛ ቤት ከ3 ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መሆኑ ነው። እንጨት ያን ያህል ማሳሳት ከዐቅማችን በላይ ስለ ሆነ ቀርከሃ መረጥን።

ቀርከሃ መሰንጠቅ ግን እኔ አላውቅም። የሚያውቀው የጐረቤታችን ልጅ ነው። ዕድሜው ዐሥራ ሦስት ነው፤ እናቱ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በጂንካ ገበያ ድስትና ጀበና ትሸጣለች። ልጁ መጥቶ የገዛሁትን ቀርከሃ በጣቱ አንኳኳና «ይህ ገና ጣፋጭ ነው፣ ጋሼ፤ ነቀዝ ይበላዋል» አለኝ። ጥሬ ቀርከሃ በውስጡ ነቀዝ የሚወደው ምግብ አለና። ስለዚህ ቆርጠን ብዙ ቀን በውኃ ዘፈዘፍነው፤ ከዚያም በጥላ አደረቅነው።

አሰነጣጠቁን ያየሁት በመደነቅ ነው። ቀርከሃ ምንጊዜም ከእኩሌታው ይሰነጠቃል፤ እኩሌታውም እንደ ገና ከእኩሌታው። አንዱ ጐን ከሌላው ከወፈረ ስንጥቁ ወደ ቀጭኑ ጐን ያዘነብልና ሳይታሰብ ወጥቶ ይቀራል። እንዲህ ማምለጥ ሲጀምር ልጁ ቢላዋውን አይገፋም፤ ወፍራሙን ጐን ይዞ ወደ ውጭ ያጐብጠዋል፤ ስንጥቁም ወደ መካከል ይመለሳል። ይህን ሲያደርግ ዓይኑ ከቢላዋው ላይ ሳይሆን ከፊት ለፊቱ ነው። ብዙ የተማሩ ሰዎች ሥራ ሲሠሩ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ዕርጋታ ግን ብዙ ጊዜ አላየሁም።

የቀርከሃው ውጫዊ ልጥ የሚያንሸራትት ስለ ሆነ ኮላ አይዘውም፤ እርሱን ፋቅነው። ከዚያ እያንዳንዱን ስንጥር 4 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 1 ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ስፋት አድርገን ቆረጥን፤ ጠርዙንም በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስን። ቀለም የሚነከረው ከመለጠፉ በፊት ነው፤ ኮላ የነካው ቦታ ቀለም አይቀበልምና። ቀለማችንም የቡና አተላ ከዛገ ሚስማር ጋር የፈላበት ውኃ ነበር፤ ቀርከሃውን ዝናብ የመታው አሮጌ እንጨት አስመሰለው።

አለጣጠፉ ከታች ወደ ላይ ነው። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ጐጆ ሲከደን ቆመህ አይተህ እንደ ሆነ ይህን ታውቃለህ፤ ከዳኙ ከጣራው ጠርዝ ይጀምራል፤ የላይኛው ሣር የታችኛውን አናት እየሸፈነ ይወጣል። ከላይ ቢጀመር ውኃው በየድርብርቡ አፍ ይገባል። እኛም በየ2 ሳንቲ ሜትሩ መስመር አሰመርን። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስንጥር ግማሹ ይታያል፤ ግማሹ ከላይኛው ረድፍ ሥር ይቀበራል። የሁለት ስንጥሮች መጋጠሚያም ከበታቹ ካለው ስንጥር መካከል ላይ እንዲያርፍ በየሁለተኛው ረድፍ ጫፍና ጫፍ ግማሽ ስፋት ያለው ስንጥር ይገባል።

በአንድ ወገን 15 ረድፍ፣ በአንድ ረድፍ 32 ስንጥር ነው፤ ለሁለቱ ወገን 960 ይሆናል። ልጅቱ ይህን ቁጥር በደብተሯ ጻፈችና ደስ አላት። ልጁ ግን «64 ይጐድላል» አላት። የመጀመሪያው ረድፍ ድርብ መሆን አለበት፤ ከሥሩ ሌላ ረድፍ ስለሌለ በመጋጠሚያው የገባ ውኃ በቀጥታ ሰሌዳውን ያገኘዋልና። እርስዋ ተቈጣች። «ከሥር የሚገባውን ማን ያየዋል?» አለችው።

«ውኃው ያየዋል» አላት።

ስልሳ አራቱን ሠሩ። ኮላ በበዛ ጊዜ ስሱ ቀርከሃ በርጥበቱ ይጠማዘዛል፤ ስለዚህ በጥቂቱ፣ ከአናቱ በኩል ብቻ እየተቀባ፣ እስኪይዝ ድረስ በጣት ይጫኑታል። አንድ ቀን እንዲህ ሲሠሩ እኅቴ ቡና አፍልታ ጠራችን። ሁለት ሦስት ጐረቤቶችም ተጠርተው ነበር። ልጁ እጁን ታጥቦ ከደጃፉ ውጭ ተቀመጠ። «ግባ እንጂ» ብለው «እዚህ ይሻለኛል፣ ጋሼ» አለኝ። ከእንግዶቹ መካከል ዕድሜአቸው የገፋ አንዲት እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተወው፣ ልጄ፤ ልማዱን ያውቃል» አሉኝ።

እኒህ እናት ክፉ ሴት አይደሉም። ጐረቤት ሲታመም ቀድመው የሚደርሱ፣ ለተጣላ የሚያስታርቁ ናቸው። ይህን የምጽፈው እርሳቸውን ለመክሰስ አይደለም፤ ቃሉን ክፉ ሰው ተናግሮት ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ቡናው የተቀዳበትን ጀበና የሠራችው የልጁ እናት ናት። ይህን ከመካከላችን የማያውቅ አልነበረም።

ስኒዬን ይዤ ወጣሁና ከልጁ አጠገብ ተቀመጥሁ። የእኅቴ ልጅም ቆሎዋን በእፍኝዋ ይዛ ተከተለችኝ፤ እርስዋ ግን የወጣችው ስለ ልጁ ክብር አስባ ሳይሆን የተጫነው ስንጥር መያዙን ለማየት ነበር። ሽማግሌዪቱ እስከ በረካው ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ።

በኣሪ አገር ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ከገበሬው ጋር እንዳይጋባ የሚከለክል ልማድ ከጥንት ጀምሮ ኖሮአል። ይህን ሰምቶ ከሰሜን የመጣው ወገናችን ራሱን ንጹሕ እንዳያደርግ። እኛም ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን ነው የኖርነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን እንዲህ እያለ የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ታወጀ፤ ስድቡም ከየቤቱ ሳይወጣ ቀረ። ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የሳይንስ ምርምር የኣሪን ቀጥቃጮችና ገበሬዎች የዘር ቅንጣት መርምሮ፣ ሁለቱ ከአንድ ሕዝብ የወጡ መሆናቸውን፣ ዛሬ የሚታየው ልዩነትም ቀጥቃጮቹ ተገልለው እርስ በርሳቸው ብቻ በመጋባታቸው የመጣ መሆኑን ገለጸ። ከጥንት ጀምሮ ሌላ ዘር ናቸው የሚለው ግምት አልቆመም። ማግለሉ ራሱ ልዩነቱን ፈጠረ፤ ከዚያም ልዩነቱ ለማግለሉ ምክንያት ሆኖ ቀረበ ማለት ነው።

ይህን ለልጁ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «ታዲያ ስለ እኛ ለማወቅ ደም ማየት ለምን አስፈለጋቸው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እርሱም መልስ ሳይጠብቅ ሥራውን ቀጠለ።

የጣራው አናት መጨረሻ ተሠራ። ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙበት ስንጥቅ እንዳይኖር ከአንድ ቀጭን ቀርከሃ ሙሉ እኩሌታ ወስደን ገልብጠን ከደንበት፤ ሆዱ ጐድጓዳ ስለ ሆነ ልክ እንደ ኮርቻ ተቀመጠ። ልጅቱ አንድ ጣሳ ውኃ አምጥታ ከአናቱ ላይ አፈሰሰች፤ ውኃው በየረድፉ እየተንከባለለ ወርዶ ከጠርዙ ጠፈጠፈ። ከዚያ በመስኮቱ እጅዋን አስገብታ ሰሌዳውን ከሥር ዳሰሰች። በተለይ የደጋገመችው ከጠርዙ አጠገብ፣ ድርቡ ረድፍ ያለበትን ቦታ ነበር። ደረቅ ነው።

ከሳምንት በኋላ ያች እናት ተመልሰው መጡ። ቤቱን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ ብርሃን አዞሩት፤ በጣታቸውም አንዱን ረድፍ እስከ ዳር ዳሰሱት። «ይህን ማን ሰነጠቀው?» አሉ። ልጅቱ የልጁን ስም ጠራች። ዝም አሉ፤ ቤቱንም በጥንቃቄ ከነበረበት አስቀመጡት።

አሁን ልጅቱ ራስዋ መሰንጠቅ ጀምራለች። ገና ስንጥቁ ያመልጣታል፤ ልጁም ወፍራሙን ጐን እንድታጐብጥ አጠገብዋ ቆሞ ይነግራታል። ሁለተኛው ቤት የእርሱ ታናሽ እኅት ነው፤ ቀርከሃው ተቈርጦ ውኃ ውስጥ ገብቶአል።