የማሞቂያው ቱቦ

ባሕር ዳር ላይ የመኪና ማሞቂያ የሚከፍት ሰው አይተን አናውቅም። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ጣና ዳር፣ ዘንባባ ሥር ለቆመች መኪና የሚያስፈልጋት ጥላና የተከፈተ መስኮት ነው። ስለዚህ በ2010 ዓ.ም. የገና ሰሞን፣ የጓደኛችን አባት አሮጌ ፔጆ 404 የማሞቂያዋ ቱቦ አፈሰሰ ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። «ምን ቸገራቸው፣ ቆርጠው አይጥሉትም!» ነበር የሁሉም ፍርድ።

እኛ ሦስት ነበርን፤ ሦስታችንም የምህንድስና ተማሪዎች። ሙቀት ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው እንደሚሄድ በቀመር ጽፈን ፈተና ያለፍን፣ ካቻቢቴ ግን በወጉ ይዘን የማናውቅ። ጋሼ (የጓደኛችንን አባት የምንጠራቸው እንዲህ ነው) ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰው ናቸው። ፔጆ 404 ፋብሪካው በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሞዴል ነው፤ ማርሹ ከመሪው ሥር፣ የፊት መቀመጫው ሰፊ። ጋሼ ስለ እሷ ሲያወሩ ስለ ዘመድ የሚያወሩ ይመስላል። «እኛ እንሠራታለን» ስንላቸው ትንሽ አዩንና ቁልፉን ሰጡን።

ነገሩ በወረቀት ቀላል ነው። ሞተሩን ያቀዘቀዘው ውሃ ይሞቃል። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ በላስቲክ ቱቦ ተመርቶ፣ በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ያለውን ብረት አልፎ፣ ክሩስኮቱ ሥር ወደ ተደበቀች ትንሽ ራዲያተር ይገባል፤ ሙቀቱን ለአየሩ ሰጥቶ በሌላ ቱቦ ይመለሳል። ማሞቂያው ነዳጅ አይፈልግም፤ የሚሠራው ሞተሩ በሚጥለው ሙቀት ነው። እኛ ያልገባን አንድ ነገር ነበር። የማሞቂያው መክፈቻ ቢዘጋም እንኳ፣ እስከ መክፈቻው ድረስ ያለው ቱቦ ዘወትር ከሞተሩ ውሃ ጋር ነው። የማይሠራ ይመስላል እንጂ ቢቀደድ የሞተሩን ውሃ ይዞ ይወጣል።

ያረጀውን ቱቦ አወጣን። አፉ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቋል። በምትኩ ከአንድ ግቢ የለመንነውን የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ቆርጠን አስገባን፣ በሽቦ ጠፈርነው፣ በጀሪካን ከጣና ውሃ ቀድተን ራዲያተሩን ሞላን። ጎማውን እየመታን ተሞጋገስን። ጋሼን አሳፍረን በወረታው መንገድ ለሙከራ ወጣን።

ሐሙሲት ሳንደርስ ቱቦው ፈነዳ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተግተለተለ፣ የሙቀት መለኪያው ቀዩን አለፈ። ከእኛ አንዱ ዘሎ ወርዶ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሲሰድ፣ ጋሼ እጁን ቀብ አደረጉት። «ፊትህን ልትቀቅል ነው እንዴ!» በዚህ ከፍታ በክፍት ድስት ያለ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ በክዳን ታፍኖ ግን ከዚያ በላይ ይግላል፣ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት እየፈላ ይወረወራል። ይህን በቃል እናውቀው ነበር። ጋሼ ግን በእጃቸው ያውቁታል።

እስኪበርድ ዛፍ ሥር ተቀመጥን፤ የተናገረ የለም። ከዚያ ቱቦውን አጥፈን በሽቦ አስረን፣ ከመንደር ውሃ ለምነን፣ እየቆምን እየተነሳን ተመለስን።

በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰድናት። ቱቦውን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አዩት። «ይኸ ጎመን ለማጠጣት ነው» አሉ። ከራዲያተሩ የወጣውን ደፍራሽ ውሃ አይተው ደግሞ፣ «ጣናንም አስገብታችሁላታል? ደለሉ ጠባቧን ራዲያተር ቢደፍንስ?» አንገታችንን ደፋን። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞር ብለው፣ «ሁለቱን አፍ በአንድ ቱቦ ላገናኘውና ይቅር። እዚህ አገር ለማሞቂያ ማን ይጨነቃል?» አሉ።

«አይሆንም» አሉ ጋሼ።

«ለምን?»

«እናቴን ከነፋስ መውጫ ላመጣ ነው፤ ለሕክምና። ሌሊት ተነስተን ካልወጣን በጊዜ አንደርስም። ብርድ እግሯን ከነካት ደረቷ ይዘጋል።»

ሁላችንም ዝም አልን። ጓደኛችን አያቱ እንደሚመጡ ያውቅ ነበር፤ ከቱቦው ጋር ግን አላገናኘውም። ነፋስ መውጫን የሚያውቅ ስሟ በከንቱ እንዳልወጣ ያውቃል። ከወረታ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከደብረ ታቦርና ከጉና ወዲያ፣ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እኛ ጣና ዳር በሸሚዝ ተቀምጠን ነበር የማሞቂያውን ጥቅም የለካነው።

ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ። ቱቦው የሚገባበት የብረት አፍ በዝገት ተበልቶ ስለነበር፣ አዲስ ላስቲክ ብቻ ቢሰካ እንደገና ያፈሳል። ስለዚህ መካኒኩ ብርጭቆ ወረቀቱን ለእኛ ሰጡንና ብረቱ እስኪያበራ አስፈገፈጉን። ለሙቅ ውሃ የተሠራ፣ ውስጡ ክር ያለበት ቱቦ ተገዛ። በሽቦ ፈንታ በቡሎን የሚጠብቅ ማሰሪያ ገባለት። ንጹሕ ውሃ ሲሞላም የማሞቂያውን መክፈቻ አስከፈቱን፤ ውስጥ የታፈነው አየር ካልወጣ ውሃው አይዞርም። ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ማሰሪያውን እንደገና አጠበቅነው፤ ላስቲክ በመጀመሪያው ሙቀት ይለሰልሳልና።

«ምናልባት ብትበላሽ» ብለን አብረን ሄድን። እውነቱን ለመናገር ሥራችንን ለማየት ነው። ከነፋስ መውጫ ስንነሳ ገና አልነጋም፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። እማማ ጋቢያቸውን ደርበው ከፊት ተቀመጡ። ጋሼ መክፈቻውን ከፈቱት። ጥቂት እንደ ሄድን እማማ እግራቸውን ወደ ክሩስኮቱ ሥር ዘረጉ።

«ይኸ እሳት ከየት ነው ልጄ?»

«ከሞተሩ ነው እማዬ። የሚጥለው ሙቀት ነው።»

«እሰይ!» አሉ። «የተረፈውን ለሰው መስጠት ያውቅበታላ።»

ከደብረ ታቦር ቁልቁል ወርደን የፎገራ ሜዳ ሲገለጥ ፀሐይ ጠነከረች፤ ወረታ ላይ እማማ መስኮቱን አስከፈቱ። ጋሼ ማሞቂያውን ዘጉት። ባሕር ዳር ስንገባ፣ እማማ ሐኪም ዘንድ ከገቡ በኋላ፣ ሦስታችን ኮፈኑን ከፍተን ጎንበስ አልን። አንዳችን በጣቱ ማሰሪያውን ዙሪያውን ዳሰሰው።

ደረቅ ነበር።